ማይል ያልሞላው መንገድ

አባቴ የልብ ኦፕራሲዮን አድርገው ከሆስፒታል ሲወጡ ዶክተሩ ሁለት ነገር አዘዘላቸው፤ መድኃኒት መዋጥና በየቀኑ አንድ ማይል መራመድ። መድኃኒቱን ያለ ክርክር ተቀበሉ። በእግር ጉዞው ግን እዚያው ክፍሉ ውስጥ ሳለን ተጣላን።

«የት ድረስ ነው የምሄደው?» ብለው ጠየቁኝ። ለዶክተሩ ተረጎምኩለት።

«የትም። ዝም ብለው ይራመዱ» አለ።

እኔም እንዳለ «ዝም ብለው ይራመዱ ነው የሚለው፣ አባባ» አልኳቸው። ዝም ብሎ መራመድ የሚባል ነገር ግን አባቴ አያውቁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንገድ ቀያሽ ነበሩ። ስምንተኛ ክፍል እንደጨረሱ መንገድ ሥራ ገብተው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መኪና ያልደረሰበትን አገር በእግራቸው እየዞሩ ችካል ሲተክሉ ኖረዋል። ለእሳቸው መራመድ ሥራ ነው። ሥራው ካለቀ ሰው ይቀመጣል።

ያኔ የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባል ከተማ፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ የግሪን ካርድ ፕሮሰስ ጀምሬ ካመጣኋቸው ብዙም ደህና ሆነው አልቆዩ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ነው ልባቸው ያስቸገራቸው። እኔ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ረዳት ነርስ ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ ከሰዓት በኋላ ስመለስ፣ አባቴን መስኮቱ አጠገብ፣ ጠዋት ትቻቸው የሄድኩበት ወንበር ላይ አገኛቸዋለሁ። «ተራመዱ?» ስላቸው «በረንዳ ወጥቻለሁ» ይላሉ። በረንዳችን ሦስት እርምጃ አይሞላም።

ያልሞከርኩት ነገር የለም። ደጃፋችን ላይ ያለው መንገድ ሰፊ ነው፣ የእግረኛ መሄጃም አለው፤ ግን «ሰው ሁሉ በመኪና እየበረረ እኔ ብቻዬን ስዞር፣ ይሄ ሰው ምን ጠፍቶበት ነው ይላሉ» ብለው እንቢ አሉ። ሞል ወሰድኳቸው። ብዙ ሽማግሌ ጠዋት ጠዋት ሞል ውስጥ ሲራመድ አይቻለሁ። አባቴ ግን በየሱቁ በር እየቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አንስተው ለሻጮቹ ሰላምታ ይሰጣሉ። ሰላም ካሏቸው በኋላ ደግሞ ምንም ሳይገዙ ለማለፍ ያፍራሉ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ካልሲና አንድ ጃንጥላ ይዘን ተመለስን፤ ሞሉም በዚያው ቀረ።

ስለ ዩኒቨርሲቲው የነገረችኝ አብራኝ የምትሠራ ሴት ናት። «ግቢው ውስጥ ሐይቅ አለ። ዙሪያውን መንገድ ሠርተውለታል፤ ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው። ቅዳሜ ፓርክ ማድረግ ቀላል ነው» አለችኝ። ለአባቴ ነገርኳቸው። እንደ ሌላው ጊዜ አልተከራከሩም። «ዩኒቨርሲቲ?» ብቻ አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ከክፍላቸው ሲወጡ ጥቁር ሰማያዊ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ጫማቸውን እንደ መስታወት አሳምረው ነበር።

«አባባ፣ ለእግር መንገድ እኮ ነው።»

«ዩኒቨርሲቲ ነው ብለሽኝ የለም?»

በጫማው ብቻ ተደራደርን። ሱፉ አልወለቀም፣ ጫማው ግን እኔ የገዛሁላቸው ነጭ ስኒከር ሆነ። መንገድ ላይ ሁሉ እግራቸውን እያዩ ሲያዝኑ ነበር።

ግቢው በር የለውም። ከዋናው መንገድ ታጥፈሽ ስትገቢ ሳር ነው፣ ዛፍ ነው፣ ቀይ ጡብ ሕንፃ ነው። መኪናውን አቁሜ ስወርድ አባቴ ገና ቀበቶአቸውን አልፈቱም፤ ግራ ቀኝ ያያሉ።

«ጥበቃው የታለ?»

«ጥበቃ የለም።»

«መታወቂያ ማን ያያል?»

«ማንም አያይም፣ አባባ። ይውረዱ።»

ወረዱ፤ ግሪን ካርዳቸውን ግን ከውስጥ ኪሳቸው አውጥተው በእጃቸው ያዙት። ሐይቁ ጋ እስክንደርስ ድረስ፣ የሚጠይቅ ከመጣ ብለው፣ እንደያዙት ሄዱ።

ሐይቁ ትልቅ አይደለም፤ ከዚህ ማዶ ሆኖ ወዲያ ማዶ ያለን ሰው ፊቱን ባይሆንም አረማመዱን መለየት ይቻላል። ውኃው ላይ ዝይዎች ይንሳፈፋሉ። የወደቀ ግንድ ላይ ኤሊዎች አንገታቸውን አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ተማሪዎች ሳሩ ላይ ተጋድመው ደብተራቸውን ፊታቸው ላይ ከድነው ተኝተዋል። መንገዱ በሚጀምርበት ቦታ ላይ የእንጨት ምልክት ቆሟል፤ የሐይቅ ዙሪያ መንገድ፣ አንድ ማይል ይላል። ተረጎምኩላቸው። «ዶክተሩ ያለው ልክ ይኸው ነው» አልኳቸው፣ እንዲበረቱ ብዬ።

በዚያ ቀን የደረስነው መንገዱ ላይ እስካለው የእንጨት ድልድይ ድረስ ብቻ ነበር፤ የመንገዱ ሩብ እንኳ አይሆንም። ስንመለስ አንድ ረጅም ልጅ በሩጫ እያለፈን «ጉድ ሞርኒንግ፣ ፕሮፌሰር!» አለ።

«ምን አለኝ?»

«ፕሮፌሰር አለዎት።»

አባቴ ከረባታቸውን አስተካከሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ መኪናው ድረስ አንድም ቦታ አልተቀመጡም።

ዙሩን ሙሉ ለመጨረስ ከአንድ ወር በላይ ፈጀብን። ቅዳሜ እንሄዳለን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንሄዳለን፤ በሳምንቱ መሐል ዕረፍት ከሆንኩም እንሄዳለን። መጀመሪያ በየአግዳሚ ወንበሩ ይቀመጡ ነበር። ቀስ በቀስ ሁለት ወንበር ዘልለው፣ ከዚያ ሦስት ዘልለው መቀመጥ ጀመሩ። መጀመሪያ ሙሉውን የዞሩ ቀን ደስ ብሎኝ ላቅፋቸው ስል፣ እሳቸው ቀድመው መሬት ላይ አጎንብሰው ነበር።

ጠጠር ይለቅማሉ።

አንድ እፍኝ ትንንሽ ጠጠር መርጠው በሱፋቸው ግራ ኪስ ጨመሩ። «ምን ሊያደርግልዎት ነው?» ብላቸው «ይኑር» ብቻ አሉኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ከራሳቸው ጋር እያወሩ፣ በየጊዜው ጠጠር ከግራ ኪሳቸው ወደ ቀኝ እያዛወሩ ሲሄዱ አየሁ። ሳናግራቸው እጃቸውን አንስተው ዝም ያሰኙኛል።

እኔ የምሠራበት ቤት እንዲህ የጀመራቸው ሰዎች ሞልተዋል። አንዷ ሴትዮ ማንኪያ ትሰበስባለች። አንዱ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ከማይታይ ሰው ጋር ያወራል። ከልብ ኦፕራሲዮን በኋላ የአንዳንድ ሰው ሐሳብ እንደሚዛባም ሰምቻለሁ። ከኋላቸው እየተከተልኩ፣ ሰኞ ለዶክተሩ ደውዬ አፖይንትመንት እንደምይዝ በልቤ ወሰንኩ።

ዙሩን ጨርሰን ምልክቱ ጋ ስንደርስ ቆሙ። በቀኝ ኪሳቸው ያለውን ጠጠር አውጥተው መዳፋቸው ላይ ቆጠሩ።

«ሃያ ሁለት። ሃያ ሁለት መቶ ከሠላሳ እርምጃ» አሉ። ቀጥለው በጣታቸው መዳፋቸው ላይ እንደ መጻፍ አደረጉ። «አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሰባ ሁለት ሜትር። ማይል ስንት ሜትር ነው? አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዘጠኝ። ይህ ሰሌዳ ስሕተት ነው። መንገዱ ከማይል ስልሳ ሦስት ሜትር ይበልጣል።»

እንደዚያ ቀን ስሕተት የሚል ቃል አስደስቶኝ አያውቅም። ለካ እየለኩ ነው። በየመቶው እርምጃ አንዳንድ ጠጠር። ልጅ ሆነው መንገድ ሥራ ሲገቡ አንድ ኢንጂኒየር በሁለት ችካል መሐል እያመላለሰ፣ እርምጃቸው ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ላይ እስኪቆም ድረስ አስለማመዳቸው። ከዚያ ወዲህ ሜትር በሌለበት ቦታ ሁሉ ሜትሩ እሳቸው ነበሩ።

እኔ ተንፍሼ ስስቅ እሳቸው ግን ምልክቱን ትተው መሄድ አልቻሉም። «ግን ሰዎቹ እንዴት ስልሳ ሜትር ይስታሉ?» ይላሉ። ወደ መኪናው ስንሄድም፣ እራት ላይም ይህንኑ ነበር የሚያወሩት። በማግስቱ እሑድ፣ ከሐይቁ ወረድ ብሎ ያለውን የስፖርት ሜዳ አሳየኋቸው። ቀይ የመሮጫ ትራክ አለው። «አንድ ዙሩ አራት መቶ ሜትር ነው» አልኳቸው። ዓይናቸው በራ። «እንግዲያው እዚህ ራሴን እለካለሁ። ሰው ከመውቀስ በፊት የራስን መለኪያ መፈተሽ ነው ሥራው» አሉ።

ውስጠኛውን መስመር ይዘው ጀመሩ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አያቸዋለሁ፤ ሱፍ የለበሱ ሽማግሌ፣ ከአጠገባቸው ቁምጣ የለበሱ ልጆች እየበረሩ ያልፏቸዋል። ከአምስት መቶ ሠላሳ ሦስት እርምጃ በኋላ ዙሩ ማለቅ ነበረበት። አምስት መቶ ሠላሳ ሦስት ሲሉ ግን ገና መጨረሻው ኩርባ ላይ ነበሩ፤ ቆም ብለው ወደፊት ሲያዩ አየኋቸው። ከዚያ ቀጠሉ። ሲጨርሱ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ስድስት መቶ ሃያ አምስት» አሉ። «እርምጃዬ ስልሳ አራት ሆኗል።»

«ትንሽ ነው እኮ ልዩነቱ፣ አባባ።»

«አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ነው። ትንሽ አይደለም።» ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ያን ያህል ዓመት ያንኑ እየሄድኩ መስሎኝ። መቼ እንዳጠረ እንኳ አላወቅሁም።»

በሥራዬ በየቀኑ ሽማግሌዎችን አጽናናለሁ፤ ለአባቴ ግን የመጣልኝን ተናገርኩ። «በክረምት ከአልጋዎ እስከ መታጠቢያ ቤት ስንት እርምጃ ነበር? እኔ ነበርኩ የምደግፍዎት። ስምንት ጊዜ እንቆም ነበር። ዛሬ ሐይቅ ዞረው ስታዲየም ይለካሉ።»

«እሱማ እውነት ነው» አሉ፤ እንደ መጽናናትም እንደ መተከዝም ነበር። ድንገት ቀና አሉ።

«ቆይ እስኪ። እርምጃዬ ስልሳ አራት ከሆነ… ሃያ ሁለት መቶ ሠላሳ ሲባዛ በስልሳ አራት…» ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ጻፈ። «አንድ ሺህ አራት መቶ ሃያ ሰባት! አንቺ! መንገዱ አይበልጥም፤ ያንሳል! ወደ ሁለት መቶ ሜትር ያንሳል!» ብድግ ብለው ባርኔጣቸውን አደረጉ። ሐዘኑን እዚያው ደረጃው ላይ ትተውት ወደ ሐይቁ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ በሄድንበት ቅዳሜ ሁሉ ይለካሉ፤ ውጤቱ ከጥቂት ሜትር በላይ አይለያይም። የግቢው ሠራተኛ ያገኘን በዚያ ሰሞን ነው። ወገቡ ላይ አንድ እስር ቁልፍ ያንጠለጠለ፣ ፂሙ የነጣ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በትንሽ አረንጓዴ መኪና እየዞረ ዛፍ ይቆርጣል፣ ወንበር ይጠግናል። ለካ ለሳምንታት ሲያየን ኖሯል። አንድ ቀን አጠገባችን አቁሞ ባርኔጣውን ነካ አደረገ።

«ሰር፣ የጠፋብዎት ነገር አለ? መሬት መሬቱን ሲያዩ፣ ጠጠር ሲያነሱ አያለሁ። ላፈላልግዎት ብዬ ነው።»

ተረጎምኩ። አባቴ ሳያፍሩ «ወደ ሁለት መቶ ሜትር ጠፍቶብኛል በይው» አሉኝ።

ስለ ምልክቱ አስረዳሁት። ይቆጣል ወይም ይስቃል ብዬ ነበር። እሱ ግን ሞተሩን አጠፋና ጭንቅላቱን አሻሸ። «የሚሮጡት ልጆች ርቀት የሚለካው ሰዓታችን ማይል አይሞላም ይለናል እያሉ ይመጡብኝ ነበር። እኔ ሰዓታችሁን ቀይሩ እላቸዋለሁ» አለ። ከዚያ አባቴን ከላይ እስከ ታች አየና «ምን ነበሩ እርሳቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «በሚመጣው ቅዳሜ የመለኪያ ጎማ አመጣለሁ» አለ።

እውነትም አመጣ። ረጅም እጀታ ያለው ጎማ ነው፤ ሲገፋ እየቆጠረ ይሄዳል። አባቴ በጠጠራቸው፣ ሰውየው በጎማው፣ እኔ በወረቀትና በእስክሪብቶ ተነሣን። ሁለት ሴት ተማሪዎች ነገሩ ገርሟቸው እስከ ድልድዩ ድረስ ተከተሉን። ዞረን ስንጨርስ ጎማው አራት ሺህ ሰባት መቶ አሥራ ስምንት ጫማ አለ። አባቴ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ሜትር አዞሩት።

«አንድ ሺህ አራት መቶ ሠላሳ ስምንት። የኔ ሃያ ሰባት ነው።» ሰውየው እያጨበጨበ ነው፤ አባቴ ግን ግንባራቸውን ቋጥረዋል። «አሥራ አንድ ሜትር ከየት መጣ? ጎማውን በየት በኩል ነው የገፋው?»

ጠየቅሁት። ሰውየው ወደ መንገዱ አመለከተ። ውስጠኛው ዳር፣ በውኃው በኩል ያለው፣ የዝይ ኩስ ሞልቶታል፤ ጎማው እንዳይቆሽሽ በውጭው ዳር ነው የሄደው።

«መንገድ በመሐሉ ነው የሚለካ» አሉ አባቴ። «እንደገና።»

እንደገና ዞርን። በአንድ ቀን ሁለት ዙር ሲሄዱ ያ የመጀመሪያቸው ነበር፤ እኔ ብቻ ነኝ ልብ ያልኩት። በሁለተኛው ልዩነቱ ሦስት ሜትር ሆነ። ሰውየው እጁን ዘረጋ፤ አባቴ በሁለት እጃቸው ጨበጡት። «ስልሳ አራት ሳንቲ ሜትርም ልክ ከሆነች ትበቃለች» አሉ ለራሳቸው፤ ያንን አልተረጎምኩም።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ያወቀው ሰውየው ራሱ ነው። ድልድዩ ሳይሠራ በፊት መንገዱ ከጀልባ ማቆሚያው ጀርባ በሩቁ ይዞር ነበር። ድልድዩ ሲመጣ መንገዱ አጠረ፤ ምልክቱን ግን ማንም አላሰበውም። ለሚመለከተው ክፍል ሪፖርት አደርጋለሁ አለ። መኸሩ አለፈ፣ በረዶ ወረደ፣ አሮጌው ምልክት እንደቆመ ነው። አባቴ ግን አንድ ነገር አስጨንቋቸዋል፤ ዶክተሩ ያዘዘው አንድ ማይል ነው፣ እስካሁን ሲሄዱ የኖሩት ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ የጎደለውን ለመሙላት፣ ዙሩን ሲጨርሱ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ሄደው ይመለሳሉ። «ጉድለቱ በኔ በኩል እንዳይሆን» ይላሉ። ብርድ ቢሆን፣ ንፋስ ቢሆን አይቀርም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ደግሞ በደጃፋችን ባለው መንገድ መውጣት ጀምረዋል፤ ከሕንፃው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ስንት እንደሆነ፣ ከማቆሚያው እስከ መድኃኒት ቤቱ ስንት እንደሆነ በደብተር ይዘዋል።

አዲሱ ምልክት የቆመው በጸደይ ነው። ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ማይል ይላል። ሰውየው እንደ ሠርግ ጠሪ ቀድሞ ደውሎልኝ ነበር፤ ስንደርስ መኪናውን አጠገቡ አቁሞ ይጠብቀናል። አባቴ ቀረብ ብለው አነበቡ፤ ቁጥር ማንበብ ትርጉም አይፈልግም።

«ነጥብ ስምንት ዘጠኝ ነው» አሉ።

ተረጎምኩ። ሰውየው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። አባቴም ሳቁ። ፎቶ አነሣኋቸው፣ በዚያች በምትታጠፈው ስልኬ፤ ምስሉ ጭጋግ ይመስላል፣ የሁለቱ ጥርስ ብቻ ነው ደህና የሚታየው።

ዶክተሩ በሚቀጥለው ቀጠሮ ልባቸውን አዳምጦ «ምን እያደረጉ ነው?» ብሎ ጠየቀ፣ ተደንቆ። አባቴ መልሱን በእንግሊዝኛ ራሳቸው ሰጡት፤ «ወርክ» አሉት፣ ሥራ ማለታቸው ነው። ዶክተሩ «ዎክ»፣ መራመድ፣ ያሉ መስሎት «ቬሪ ጉድ» አለ። አላረምኩትም።

ከዚያ በኋላ ዓመታት ሄድን። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቋቸውን ሁለት ጡረተኞች ሰብስበው ያመጡ ጀመር፤ አንዱ ከሀያትስቪል በአውቶቡስ ይመጣሉ፣ ሌላውን ሪቨርዴል ፓርክ ሄጄ ከቤታቸው እወስዳቸዋለሁ። ሁለቱም መጀመሪያ ሱፍ ለብሰው ነው የመጡት፤ አባቴ ነግረዋቸው መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሠራተኛው ጊዜ ሲያገኝ አብሯቸው ይሄዳል። እሱ በእንግሊዝኛ፣ እነሱ በአማርኛ፣ ስለ ዝይዎቹ፣ ስለሚቆረጠው ዛፍ ያወራሉ።

መጀመሪያ ላይ ልተረጉም እሮጥ ነበር። አንድ ቅዳሜ አባቴ ወደኋላ ዞር ብለው «አንቺ እረፊ፣ እንግባባለን» አሉኝ። ቆምኩ። አራቱ እየተነጋገሩ ድልድዩን ተሻገሩ። እኔ ውኃው ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ስንቀመጥበት የነበረ ወንበር ነው፣ ግን ሁልጊዜ ትንፋሻቸውን እየሰማሁ፣ ሰዓቴን እያየሁ ነበር። በዚያ ቀን ሰዓቴን አላየሁም። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ፖም ነበረኝ፤ አወጣሁትና እግሬን ዘርግቼ፣ ኤሊዎቹን እያየሁ፣ ቀስ ብዬ በላሁት።